ከርከሮዎቹ አውጫጭኝ የጠሩ ለት

ትናንት ማታ በሕልሜ ከርከሮዎች አውጫጭኝ ጠርተው አየሁ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ፣ ቦታው የኮሌጃችን ኳስ ሜዳ ነበር። ከእነሱ በኩል ሽማግሌው አያ ጥርሶና አንዲት እናት ከርከሮ፣ ከእኛ በኩል አምበላችን ደምመላሽ፣ የስፖርት ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅና እኔ ተገኝተናል። እኔ ቡድናችን ሲጫወት የከርከሮ ልብስ ለብሼ በመስመሩ ዳር የምሮጠው ነኝ።

ኳሷ ተጫዋቾቹን እየመታች ታባርራቸዋለች። ተመልካቹ ሜዳ ውስጥ ይጋፋል፤ ዳኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። አያ ጥርሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስማችንን ማን ወሰደው? ይህ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም።»

ደምመላሽ በማልያው ላይ ነጠላ አደግድጎ ተነሣ።

«አያ፣ ሰርቀን አይደለም። ኮሌጁ በተከፈተ ዓመት፣ ለዋንጫ ስንጫወት አንድ ከርከሮ ከጫካ ወጥቶ ሜዳ ገባ። የተጋጣሚያችን በረኛ ደንግጦ የጎሉ ብረት ላይ ወጣ። እኛ ባዶ ጎል አገኘንና ዋንጫውን በላን። ከዚያ ወዲህ ከርከሮ ተባልን።»

«ልጁ እኮ መንገድ ጠፍቶት ነው» አለ አያ ጥርሶ።

እናትየዋ ቀና አለች። «የኔ ልጅ ነው። ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

ደምመላሽ አቶ ልሳነወርቅን አየ። አቶ ልሳነወርቅ ሰማዩን አዩ።

«እትዬ፣ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ጎሉን ነበር የምናየው።»

ሜዳው የመማሪያ ክፍል ሆነ። አቶ ልሳነወርቅ ጥግ ላይ ተንበርክከዋል። አንድ ግልገል ከርከሮ ጠመኔ ይዞ ቆሟል።

«ጎል ስንት እግር አለው?»

«ሁለት፣ ቲቸር።»

«ልጃችን አራት ነበረው። እንዴት አላየኸውም?»

አያ ጥርሶ ፈረደ፤ ልጁ እስኪመለስ አንድ ሰው በምትኩ ጫካ ይቀመጥ።

«እሱ ይሂድ፤ ልብሱም አለው» አለ ደምመላሽ ወደ እኔ እያመለከተ።

ሰው ነኝ ልል አፌን ብከፍት ድምፅ የለም። ልብሱን ላወልቅ ዚፑን ብፈልገው ጀርባዬ ላይ ጠጉር ብቻ ነው። እናትየዋ ቀርባ አሸተተችኝ።

«ልጄ አይደለም» አለች። «ግን በጣም ደክሞታል።»

ከዚያ የክፍሉ ወለል ጭቃ ሆነ፤ በአፍንጫዋ አስተካከለችልኝ።

«ተኛ» አለችኝ።

ጭቃው ሞቅ ያለ ነበር። ተኛሁ።

«አንተ ከርከሮ! ተነሥ እንጂ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!» አቶ ልሳነወርቅ የተኛሁበትን የዕቃ ቤት በር ይደበድባሉ።

«ጋሼ፣ ልብሱን ትናንት አጥቤው አልደረቀም።»

«ስትሮጥ ይደርቃል።»

እርጥቡን ለብሼ ወጣሁ። አራት ለባዶ ተሸነፍን።