ሁኔታ፦ ደህና

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በዚህ አገር ታምሜያለሁ ብሎ የሚያውቅ ሰው አጋጥሟችኋል? እኔን አላጋጠመኝም። የሚሞት ሞልቷል፤ የታመመ ግን የለም። በሁለት ሰው ተደግፎ፣ ዐይኑ ጎድጉዶ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚሄደውን ሰውዬ አስቁማችሁ እንደምን ነህ በሉት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ይላችኋል። ይህ አይበቃው፤ የእናንተን፣ የሚስታችሁን፣ የልጆቻችሁን፣ ካላችሁም የላሚቱን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቆ ነው የሚለቃችሁ። ደህና አይደለሁም ማለትማ ነውር ነው። ፈጣሪን ማማረር ነው፤ ጠያቂን ማስደንገጥ ነው። እኔም እንዲሁ ነኝ። ባለፈው ወገቤ ተቆልፎ ከአልጋ መውረድ አቅቶኝ ሳለ ሊጠይቀኝ የመጣውን ጎረቤት ደህና ነኝ ብዬ ሸኘሁት፤ ሰውዬውም ደስ ብሎት ሄደ።

በዚህ ልማድ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አንድ ጊዜ ከተማ ስላስተዳደርንበት ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ከተማው ውስጥ ተስቦ ገባ። ተስቦ ማለት ቅማል ከሰው ወደ ሰው የምታዛውረው ትኩሳት ነው፤ ቅማል ደግሞ ደጅ ጠንታ፣ ፈቃድ ጠይቃ አትገባም። ከተማው ለዚህ ሲል ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። ሙሉ ስሙ አንድ መስመር ተኩል ስለሚወስድ እኛ ሠራተኞቹ በአጭሩ የተስቦ ቢሮ እንለው ነበር። ሹማችን ባላምባራስ ነበሩ። ጨዋ፣ ልብሳቸው ንጹሕ፣ ለዘበኛውም ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ የሚነሱ ሰው። እኔ ደግሞ የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ የተቀጠርኩ ጸሐፊ ነኝ።

የቢሮው ችግር መኪና ነበር። የነበረን አንድ ነው። መርፌ ወጊው ድሬሰር፣ መርፌው፣ ክኒኑ፣ ቅማል የሚፈጀው የዲዲቲ ዱቄትና መንፊያው ሁሉ የሚጫነው በዚያ በአንዱ ላይ ነው። ስለዚህ ታላቅ ስብሰባ ተደርጎ ታላቅ ውሳኔ ተወሰነ፤ መኪናው አስቀድሞ የሚሄደው ታማሚ ወደሚበዛበት ሰፈር ነው። ጥሩ ውሳኔ አይደለም? እስከ ዛሬ ጥሩ ይመስለኛል። የት ሰፈር እንደሚበዛ ለማወቅ ግን ቤት ለቤት ቆጠራ ያስፈልጋል። ጉለሌን ለእኔ ሰጡኝ፤ እዚያው ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ስለምኖር ሕዝቡ ያውቀዋል ተባለ።

የመቁጠሪያውን መዝገብ አንድ የተማረ ሰው ከፈረንጅ ቅጽ ገልብጦ አዘጋጅቶት ነበር። የቤት ቁጥር አለ፤ ስም አለ፤ ሙያ አለ፤ በመጨረሻ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ አለ። ከሥሩ ነዋሪው እንደምን እንዳለ ተጠይቆ የሰጠው መልስ ቃል በቃል ይጻፍ ይላል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በቀይ ቀለም ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ ተቀባይነት የለውም የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ባላምባራስም ስንወጣ መከሩን። ሕዝቡ ደንግጧል፤ በሽታ በሽታ እያላችሁ አታስበርግጉት፤ እንደ ሰው ልጅ ሰላምታ ሰጥታችሁ ግቡ አሉን።

እኔም እንደ ሰው ልጅ ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ። መጀመሪያው ቤት እንደምን አደራችሁ አልኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና አሉኝ። ደህና ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ቤት ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ያቃስታል። እንደምን አላችሁ? ደህና። ጻፍኩ። ሦስተኛው ቤት ሴትዮዋ የምትናገረው በር ይዛ ነው፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ደህና ነን፣ አንተስ እንዴት ነህ ወንድሜ አለችኝ። ጻፍኩ። ለምሳ ሰዓት ሲደርስ ደህና የሚለውን ቃል የጻፍኩት ብዛት እጄን አደንዝዞት ነበር፤ ፊደሎቹ ግን አንድም አልተዛነፉም።

አላየሁም ልበላችሁ? አይቻለሁ። እዚህ ላይ ከዋሸሁ ወጉን መጀመር አልነበረብኝም። ዐይኔ አይቷል፣ ጆሮዬም ሰምቷል፤ መዝገቡ ግን የሰጡትን መልስ ጻፍ ይላል እንጂ ያየኸውን ጻፍ አይልም። ደግሞም በልቤ ይህች አንዷ ቤት ብትቀር ምን ይሆናል፣ ከሰፈሩ ሌላው ታምሜያለሁ ይላል፣ መኪናውም ስለ እሱ ሲል ይመጣል እል ነበር። ኋላ እንደገባኝ እያንዳንዱ ቤት ያሰበው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻ የደረስኩት ከእኔ ቤት ግድግዳ ተጋርተው ከሚኖሩት ከጋሽ አንጁሎ ዘንድ ነው። ሸማኔ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመወርወሪያቸው ድምፅ ነበር። በዚያን ሰሞን የእኔን ጋቢ እየሠሩልኝ ነው። መወርወሪያው ዝም ካለ ግን አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ እኔም ይህን አውቃለሁ። ስገባ ከሸማ ሥራቸው አጠገብ መደብ ላይ ተኝተዋል። ፊታቸው ፍም መስሏል። ሲያዩኝ ኖር ብለው ሊነሱ ክንዳቸውን ተመረኮዙ፤ ክንዳቸው ከዳቸው። ኧረ በማርያም አይነሡ ብዬ እንደምን ነዎት አልኳቸው። ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን፤ ጋቢህ ሁለት ክንድ ያህል ነው የቀረው፤ ትንሽ ሰነፍኩብህ ይቅር በለኝ አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከእግራቸው ሥር ቆመው እኔን እኔን ያዩ ነበር። አንድ ነገር እንድል የጠበቁ ይመስለኛል። ደህና ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

መዝገቦቹ በተደመሩ ጊዜ ጉለሌ አንድም ታማሚ የሌለባት ሰፈር ሆና ተገኘች። ባላምባራስ ደስ አላቸው። ውጤቱን ቆመው አነበቡት፤ ስለ እንጦጦ ነፋስና ስለ ባሕር ዛፍ ጥሩ ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። መኪናው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። የዚያን ሰፈር ቆጣሪ ስሙን አልጠራውም እንጂ የለየለት ባለጌ ነበር። ሰላምታ አያውቅም፤ በር በእግሩ ገፍቶ ይገባል፤ የተኛውን ሰው ብርድ ልብስ ገልጦ ግንባሩን ይነካና ታማሚ ብሎ ይጽፋል። ሕዝቡ ሲረግመው ዋለ። መኪናው ሄደላቸው፤ መርፌ ተወጉ፤ አልጋና ልብሳቸው ዲዲቲ ተነፋ፤ ዳኑ። እኔ በጨዋነቴ የተመሰገንኩ ሰውዬ የእሱን ብልግና እስከ ዛሬ እመኛለሁ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ደጄ ላይ ቆመው መኪናው መቼ ነው የሚመጣው አሉኝ። አይመጣም ማለት አቃተኝ። ምን ብለህ ነው የጻፍከው አሉኝ። እሳቸው ያሉትን አልኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሮጥኩ ወደ ባላምባራስ። የጋሽ አንጁሎ ዓምድ ይስተካከልልኝ፣ መኪናው ለአንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀን ጉለሌ ይድረስ ብዬ ለመንኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም መዝገቡን ገልጠው ከግርጌ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አሳዩኝ። ዛሬ አንድ ደህና ብንሰርዝ ነገ ሁሉም ይሰረዛል፤ የሌላው ሰፈር ሕዝብ ምን ይለናል አሉ። ይህም ትክክል ነው። በዚያ ቢሮ ውስጥ ትክክል ያልሆነ ነገር ተነግሮ አያውቅም። ሆኖም ደግ ሰው ናቸውና አንድ መላ አገኙልኝ፤ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ደህና አይደለሁም ብሎ ቃሉን ከሰጠ በአዲስ ገጽ ይመዘገባል፣ መኪናውም በማግስቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ባለጉዳዩን ይዘን ሄድን። አራት ሸማኔ ጓደኞቻቸው ሁለት አጣና አመጡ። ለቃሬዛው መደላድል ጨርቅ ሲፈለግ እትዬ አስካለ ያላለቀውን የእኔን ጋቢ ከነድሩ ቆርጠው ሰጡን። ጋሽ አንጁሎ ይህን አይተው የሰው ሥራ አበላሻችሁ ብለው ተቆጡ። ከዚያ በቀር የተቆጡበትን ጊዜ አላስታውስም።

መንገድ ላይ ሳስጠናቸው ሄድኩ። ጋሽ አንጁሎ፣ ባላምባራስ ሲጠይቁዎት ምን ይላሉ? አሞኛል። ጎበዝ! እንደገና፣ ምን ይላሉ? አሞኛል፣ ደህና አይደለሁም። በዚህ መሐል መንገደኛው ቃሬዛውን እያየ ይቆማል፤ እንደምን ነዎት አባባ ይላል፤ እሳቸውም ደህና እግዜር ይመስገን ይላሉ። ትምህርቱ ይፈርስብኛል። ከዚያ በኋላ ፊት ፊት እየቀደምኩ ሰላምታ የሚሰጠውን ሁሉ ሳባርር ደረስን። አንድ ሽማግሌ ምን ዓይነት ያልተቀጣ ነው ብለውኛል።

ባላምባራስ የሰው ጩኸት ሰምተው ወደ በረንዳው ወጡ። ቃሬዛውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ከልባቸው አዘኑ፤ ይህን አልክድም። ደረጃውን ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው፣

«እንደምን ነዎት አቶ አንጁሎ?» አሏቸው።

እኔ በከንፈሬ አሞኛል፣ አሞኛል እላለሁ። ጋሽ አንጁሎ ባርኔጣውን አዩ። ጎንበስ ያለውን ወገብ አዩ። የቀረቻቸውን አቅም ሰብስበው አንገታቸውን ከቃሬዛው ቀና አደረጉና፣

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ እንደምን ነዎት ጌታዬ?» አሉ።

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። ይኸው ደህና ነኝ አሉ እንግዲህ፣ እኔ ምን ላድርግ አሉኝ። ግንባራቸውን ይንኩት፣ በእግዜር ይሁንብዎ ይንኩት አልኩ። መንካት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ግንባር የሚል ዓምድ የለም። ቃሬዛውን አስነሣሁ። ስንመለስ ጋሽ አንጁሎ በእጃቸው ጠሩኝና አትቀየመኝ ልጄ አሉኝ። ሰውዬው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ሲጠይቁኝ እንዴት ብዬ አሞኛል ልበላቸው? አፌ አልታዘዝ አለኝ እኮ አሉ። እኔ በእሳቸው ልቀየም! አፈርኩ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሞቱ። እሳቸውን ስንቀብር አጠገባችን ሌሎች ይቀበሩ ነበር፤ ያቺ በር ይዛ ታነጋግረኝ የነበረችው ሴትዮ አንዷ ናት። የቀብር ቆጠራ በሌላ ጸሐፊ እጅ ነው፤ ሟች ደግሞ ደህና ነኝ ብሎ አያሳስትም። ስለዚህ ጉለሌ በድንገት ከሰፈሮች ሁሉ አንደኛ ወጣች፤ መኪናውም በጋሽ አንጁሎ ሠልስት ቀን እያጓራ መጣ። መመሪያው የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ዲዲቲ ይነፋ ስለሚል ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ ተነፋ። ጥቁር የለበሰው ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ እያሳለ፣ ድሬሰሩን እግዜር ይስጥልን ይለው ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ መዝገብ ተሰጥቶኝ እንደገና እየቆጠርኩ ነው። ከእትዬ አስካለ ፊት ደረስኩ። ሌላ ቃል ብፈልግ አጣሁና እንደምን ነዎት አልኳቸው።

«ደህና አይደለሁም» አሉኝ። «ጻፈው።»

አንዲት ባልቴት ተይ አስካለ፣ ፈጣሪን አታማርሪ አሏቸው። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ከብዕሬ ላይ አላነሱም። ጻፍኩ። ፊደሉ ግን አላማረም። ትኩሳት ይዟቸው ኖሯል፤ ድሬሰሩ እዚያው መርፌ ወጋቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። በጉለሌ ደህና አይደለሁም ብለው የዳኑ የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው። ሰላምታዬን ግን ዳግም ተቀብለውኝ አያውቁም።

በዚያው ሳምንት ባላምባራስን አሁንስ የጋሽ አንጁሎ ዓምድ ይታረም አልኳቸው። አዲሱ መዝገብ የሚይዘው በሕይወት ያሉትን ነው፤ አሮጌው ደግሞ ታሽጓል አሉኝ።

ጡረታ ልወጣ ስል መዝገብ ቤት ገብቼ አቧራውን አራግፌ አሮጌውን መዝገብ ገለጥኩት። ገጹ አለ። ስም፦ አቶ አንጁሎ። ሙያ፦ ሸማኔ። ሁኔታ፦ ደህና። ጽሕፈቱ የእኔው ነው፤ ያምራል፤ አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም።