የተሸነፈውስ የት ገባ?

ስለ አሸናፊው ስትነግሩት የተሸናፊው ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ደክሞኛልም።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ ቢከን ሂል ሰፈር፣ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የማዘጋጃቸው ጋሽ ተፈራ ናቸው። ፈተናቸው ሰኞ ነው። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አዲስ ስቴት (ክፍለ ግዛት) ስትሆን ሁለት ሰዎች ለአገረ ገዥነት እንደተወዳደሩና አንዱ እንዳሸነፈ በሥርዓት አስረዳሁ።

«የተሸነፈውስ?» አሉ።

«ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ጋሽዬ።»

«ሳይታሰር?»

«ሳይታሰር።»

«ጫካም አልገባ?»

«አልገባም። አሁን ወደ ፈተናው ጥያቄዎች እንሂድ?»

«ቆይ እንጂ የኔ ልጅ፣ እየደበቅሽኝ ነው። ኦኬ፣ ዘመዶቹስ?»

ክፍለ ጊዜው በዚሁ አለቀ። ፈተናው ላይ የሚጠየቁትን የዛሬውን አገረ ገዥ ስም እስካሁን አልያዙም። ሲወጡ ግን አጽናኑኝ፤ «አይዞሽ፣ ሰኞ ፈታኙን ራሱን እጠይቀዋለሁ።»

እባካችሁ፣ ከሰኞ በፊት እናንተ ሞክሯቸው፤ የተሸነፈው ሰውዬ በሰላም ቤቱ ገብቷል ብላችሁ አሳምኑልኝ።