ስኳር ያለበት ሴል

በዚያ በደርግ ዘመን ሰውን የሚያሳስረው የሠራው ሥራ ብቻ ይመስላችኋል? ቃልም ያሳስር ነበር፤ ያውም ሁለት ጌታ ያለው ቃል። «ሴል» ለባዮሎጂ መምህር የሰውነት ቅንጣት ነው፤ ለቀበሌ ሊቀመንበር ግን በድብቅ የተደራጀ ጠላት።

ባልደረባዬ ገመቹ አምቦ ውስጥ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። የጉደር ልጅ የሆነችው ሚስቱ ጫልቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ስለነበር፣ ያን ሰሞን ከአፉ የፅንስ ነገር አይጠፋም። አንድ ቀን ለተማሪዎቹ፣ ገና ልብ ወይም ጉበት ያልሆኑ የፅንስ ሴሎች ላያቸው ላይ ስኳር እንዳለ፣ በእሱም እንደሚተዋወቁና እንደሚያያዙ፣ ፅንሱ ሲያድግ ስኳሩም እንደሚለዋወጥ አስረዳ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከተማው በሙሉ ለስኳር በተሰለፈበት ወር፣ በስኳር የሚተዋወቁ ሴሎች አሉ የሚለው ወሬ ቀበሌ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ገመቹ ተይዞ ቀበሌ ቀረበ፤ ለምስክርነት እኔም ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ሽጉጥ የታጠቀ ፈሪ ደግሞ ከክፉ ይብሳል። ስኳሩ የት እንዳለ ጠየቁት። ገመቹ፣ ሁላችንም ላይ አለ አላቸው።

«እኔም ላይ?»

«እርስዎም ላይ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ወደ እኔ ዞረው አይቼው እንደማውቅ ጠየቁኝ። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም ብዬ ላቀልለት ሞከርኩ።

«በዓይን የማይታይማ ኅቡዕ ነው» አሉና ወደ እስር ቤት ላኩት።

እሱ እንደታሰረ ወንድ ልጅ ተወለደ። ጫልቱ ሕፃኑን አዝላ የሊቀመንበሩን ደጅ ስትጠና ከረመች። «ማሎ ኦቦ፣ እባክዎ ጌታዬ፣ ስለዚህ ሕፃን ብለው አባቱን ይፍቱልኝ» ትላለች። እሳቸውም ጉዳዩ እየተጣራ ነው እያሉ ሕፃኑን ተቀብለው ያጫውቱታል፤ ብስኩትም ያቀምሱታል። ይህንንም ቸርነት ይሉታል።

ገመቹ ለምን እንደታሰረ ሳይነገረው፣ ለምን እንደተፈታም ሳይነገረው ወጣ። ልጁ መዳህ ጀምሯል። እንኳን ለቤትህ አበቃህ ልንል ቤቱ ተሰብስበናል። እጁን ሲዘረጋለት ልጁ ጮኾ እናቱ አንገት ሥር ተሸጎጠ።

ገመቹ እጁን ሰበሰበ። «ምን ያድርግ፣ አያውቀኝም» አለ ቀስ ብሎ።

ይህን ጊዜ ሊቀመንበሩ እሳቸውም «እንኳን ደስ ያለህ» ሊሉ ብቅ አሉ። ልጁ ለቅሶውን አቋርጦ፣ እየሳቀ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። አቀፉት፣ ሳሙት፤ ከዚያ ወደ አባትየው ዞረው በኩራት፣

«አየህ ጓድ መምህር፣ ልጅህ ሰው ያውቃል» አሉት።