ሳቄን አስረዳ የተባልኩ ዕለት

አቋሜን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ። በታዋቂ ሰው መቀለድ ነውር የለውም ከሚሉት ወገን ነኝ። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው፣ ከታች ሆኖ የሱሪውን ቀዳዳ የሚፈልግ ተመልካች እንዳለ አውቆ ይውጣ። ዘፋኙ አንገቱን ሲሰብቅ፣ ኳስ ተጫዋቹ ማይክ ፊት ቃል ሲጠፋበት፣ ተዋናይዋ በገዛ ልደቷ ኬክ ፊት ስታለቅስ የቴሌቪዥን ኮሜዲያን አስመስሎ ሲያሳየኝ፣ ሆዴን ይዤ የምስቅ ሰው ነኝ። ቀልድ ካልቻልክ ታዋቂ አትሁና! ማን ለመነህ? እል ነበር። አሁንም እላለሁ። ግን አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ እሱን ላውጋችሁ።

የምኖረው አሶሳ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሰፋሪ ሆነው መጥተው፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ መንደር ወለዱኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እሁድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣኝ፣ እማ ዘሃራ ሻይ ቤት እሄድና ማንጎው ሥር ተቀምጬ ቀዝቃዛ ከርከዴዬን እጠጣለሁ። እማ ዘሃራ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ መምህር ስለሆንኩ «ኡስታዝ» ይሉኛል። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ነው፤ አነጋገራቸውን እንዳለ ግን አልጽፍላችሁም። በእሱ የሚቀልድ ሰው ሞልቷል።

ሃሩን የእሳቸው ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ በበርታ ቋንቋ ዘፍኖ፣ ቃሉ ያልገባውን አገር ሁሉ ትከሻ ያስመታው ሃሩን። ዘፈኑ ውስጥ የአጎቶቹን ዙምባራ አስገብቶበታል። ዙምባራ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ዘፈን አያወጣለትም፤ አሥር አሥራ ሁለት ሆነው ተሰልፈው፣ ተራቸውን እየጠበቁ ሲነፉት ነው ዜማ የሚሆነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ለእናቱ የገዛላቸውም ሃሩን ነው።

ጉዱ የታየውም በዚያው ቴሌቪዥን ነው። አንድ እሁድ ኮሜዲያኑ ሃሩንን ሆኖ ወጣ። ፊቱን ጥላሸት የመሰለ ነገር ተለቅልቋል፤ ከቁመቱ የሚበልጥ መለከት ታቅፏል። ብቻውን ቆሞ ነፋ። ጉንጩ አበጠ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ «ቡ!» አለ። እንደገና «ቡ!» እስቱዲዮው በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ምን ልዋሻችሁ፣ ከርከዴው በአፍንጫዬ እስኪወጣ ነው የሳቅሁት። ጨርሼ ዞር ስል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሳቅንም ይጨምራል! እማ ዘሃራ ብርጭቋቸውን ማጠብ ቀጠሉ።

በሦስተኛው ቀን ሃሩን ለእናቱ ደወለ። ለመጪው በዓል በቀጥታ በሚተላለፍ ትልቅ ዝግጅት ላይ ሊዘፍን ተጋብዟል፤ አጎቶቹም አብረውት ሊነፉ ቅላቸውን ጠግነው፣ ጀለቢያቸውን አስተኩሰው የመሄጃውን ቀን ይጠብቃሉ። «አጎቶቼ ቢቀሩ ይሻላል» አለ። «ሰው ዙምባራውን ሲያይ ያን ሰውዬ ነው የሚያስታውሰው። ገና ሳንነፋ ይስቅብናል። በኦርጋን እዘፍናለሁ።»

አልፈረድኩበትም። ኮሌጅ ሳለሁ «አሶሳ? ሱዳን ውስጥ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ፣ ከሳቂዎቹ በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አገሬን ሲጠይቁኝ «ወሎ» ማለት የጀመርኩትም ያኔ ነው። ሰው ሲሳቅበት ቶሎ የሚጥለው የሚወደውን ነገር ነው። ያናድዳል፤ ግን እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማ ዘሃራ ጠሩኝ። ታላቅ ወንድማቸው፣ የነፊዎቹ አለቃ አጎት ሙሳ፣ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። እማ ዘሃራ ያንን ቀልድ በስልክ ከፍተው ፊቴ ደቀኑት።

«ኡስታዝ፣ አንተ ስቀሃል» አሉኝ። «የሳቀ ሰው ገብቶታል ማለት ነው። አስረዳኝ።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እንግዲህ… ሰውየው ይነፋል» አልኩ።

«እሺ።»

«ሲነፋ ጉንጩ ያብጣል።»

«የማን ጉንጭ ነው ሲነፋ የማያብጥ?»

«ፊቱንም ጥቁር ተቀብቷል።»

«ለምን?»

የአባይን ገባሮች በቅደም ተከተል ጥራ ቢሉኝ በስንት ጣዕሙ! አጎት ሙሳ አንገታቸውን አስግገው ስልኩን አዩና፣ «ሌሎቹ ነፊዎች የት ሄዱ? ታመው ነው?» ብለው ከልባቸው ጠየቁ።

እማ ዘሃራ በዚያው ስልክ ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። «ሃሩን፣ ስማ» አሉና ተነሡ። ከዚያ የሆኑትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሃሩንን ሆኑ! ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፁን እንደሚያቀጥን፣ «ማለት… ኧ… ማለት» እያለ ደረቱን እንደሚዳብስ፣ ፀጉሩ ውስጥ ጣቱን ከትቶ ካሜራውን በጎን እንደሚሰልል፣ አንዷን አላስቀሩም። ደንበኛው ሁሉ ጠረጴዛ ደበደበ። አጎት ሙሳ እንባቸውን ጠረጉ። ከስልኩ ውስጥም ሳቅ ተሰማ፤ ሃሩን «እማ፣ በቃሽ፣ በአላህ በቃሽ!» እያለ ይንፈራፈራል።

«ቀልድ እንዲህ ነው» አሉት፤ አሁን እየሳቁ አልነበረም። «እኔ አውቅህ የለ፣ ልቀልድብህ። ስጨርስም አበላሃለሁ። ያ ሰውዬ ምን አበላህ? ለሱ ብለህ ነው አጎቶችህን የምታስቀር? ይመጣሉ።»

«እማ፣ መድረኩ ጠባብ ነው።»

«ያስፉት!»

የበዓሉ ዕለት ሻይ ቤቱ ተሰብስበን በቴሌቪዥኑ አየን፤ መድረኩን አላሰፉትም። አሥራ ሁለት ሆነው ሲወጡበት ግን አስተዋዋቂዋ ራሷ ወርዳ ቦታ ለቀቀችላቸው። የመጀመሪያው ዙምባራ ሲነፋ ከአዳራሹ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰማሁት፤ ያን ሳቅ እኔ ካልለየሁት ማን ይለየዋል? ከዚያ አንዱ ድምፅ ሌላውን ሲቀበለው፣ ሃሩንም ሲገባበት፣ ሳቁ ጠፋ፤ የፊት ወንበሩም ሳይቀር ተነሥቶ ያረግድ ጀመር። ሻይ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እማ ዘሃራ ግን ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አለቀሱ።

ከበዓሉ በኋላ የኮሜዲው ሰዎች ደውለው፣ አጎቶቹ ከኮሜዲያኑ ጋር አንድ ቀልድ እንዲሠሩ ጠየቁ። አጎት ሙሳ መልስ ሰጡ። «እሱ አሶሳ ይምጣ። ሰልፍ ውስጥ እናስገባዋለን። ተራው ሲደርስ ይነፋል፤ ካልደረሰ ዝም ይላል።»

እስከ ዛሬ አልመጣም። ከአጎቶቹ አንዱ ደግሞ ሃሩን ዘንድ አዲስ አበባ ቀረና ሰልፉ ጎደለ። አንድ ድምፅ ሲጎድል ዜማው ያነክሳል። ሰው ሲፈለግ እማ ዘሃራ ሳያቅማሙ እኔን ጠቆሙ። ባለፈው ሳምንት ሰርግ ላይ፣ የወሎው ልጅ፣ ዙምባራ ነፋሁ። ሁለት ጊዜ ያለ ተራዬ ገብቼ አጎት ሙሳ በክርናቸው ደቆሱኝ። ጉንጬ አበጠ፣ ዓይኔ ፈጠጠ፣ እማ ዘሃራ ከሙሽሮቹ አጠገብ ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ።

ይሳቁ! ራት ያበሉኝ እሳቸው ናቸው።