ባላንጣ ያጣ ዘፋኝ

እኛ ሰዎች፣ መቼም ሐቅ ነው፣ ዘፈን አንሰማም። ዘፈን ውስጥ ራሳችንን ነው የምንፈልገው። አዝማሪ ፊታችን ቆሞ ስለ ጨረቃ ቢያዜም ትዕግሥታችን ያልቃል፤ ስለ ቁመናችን፣ ካልሆነም ስለ ንፉግነታችን ሁለት ስንኝ ሲወረውር ግን ወንበር አስጠግተን እናዳምጣለን። የተሞገሰው ይኮራል፣ የተሰደበው ይስቃል፣ ስሙ ያልተነሳው ብቻ ተቀይሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ጠባያችንን ከበርበሬው ጋር ጠቅልለን ሜልቦርን ድረስ ይዘነው መጥተናል፤ ኤርፖርት ላይም በርበሬውን እንጂ እሱን የፈተሸብን የለም።

አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት፣ ኒታይ የሚባል ቤንጋሊ ሽማግሌ ይኖራል። አባቱም እሱም ዘፋኞች ናቸው፤ ያውም ጠብ የሚፈልጉ ዘፋኞች። በአገሩ የበዓል ገበያ ላይ ሁለት ባለዜማዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ አሉ። አንዱ በግጥም ይሸነቁጣል፣ ሌላው እዚያው ፈጥሮ ይመልሳል፣ ሕዝቡም ጎራ ለይቶ ይጯጯኻል። ኒታይ በወጣትነቱ ዶታራ የሚሉትን፣ ከክራር ጋር ሳይዛመድ የማይቀር አንገተ ረጅም መሣሪያ ይዞ፣ በጀልባ ከመንደር መንደር እየዞረ ስንቱን ረትቷል። በሬዲዮም ተሰምቷል። ከዚያ ሴት ልጁን ተከትሎ እዚህ መጣና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሆቴል አንሶላ አጠበ።

እዚህ ያሉት የአገሩ ሰዎች አልረሱትም። በዓል በመጣ ቁጥር ይጋብዙታል፤ በሁለት ንግግሮች መሃል አሥር ደቂቃ ይሰጡታል፣ በስልክ ይቀርጹታል፣ በጨዋ ደንብ ያጨበጭቡና ወደ ምግቡ ይሮጣሉ።

«የሚመልስልኝ የለም» አለኝ አንድ ቀን፣ ከሁለታችን በቀር ለማንም በማይገባው እንግሊዝኛችን። «ለግድግዳ ነው የምዘፍነው። እንግዲህ ዶታራዬም ግድግዳ ላይ ይሰቀል።»

ልጁም ምስማር መታችለት። አንጀቴን በላው። ሰው እጁ ሳይዝል፣ ድምፁ ሳይሰልል፣ ባላንጣ በማጣት ብቻ ሙያውን ሲቀብር ማየት ያሳዝናል።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ ብሬብሩክ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ የልጁን ክርስትና ደገሰ። ማሲንቆ የሚመታው ልጅ ጠዋት ደውሎ «ሺፍት ሰጡኝ፣ ካንስል ማድረግ አልችልም» አለው። ወዳጄ ራሱን ያዘ። እኔ ደግሞ በማያገባኝ ጥልቅ ማለት እወዳለሁና «ግድ የለም፣ አዝማሪ አለኝ» አልኩት። የየት አገር እንደሆነ አልጠየቀኝም። ኒታይን «ለመጨረሻ ጊዜ» ብዬ ለምኜ፣ ዶታራውን ከምስማሩ አስወርጄ፣ በመኪናዬ ይዤው ሄድኩ።

ዘፈነ። እንግዶቹ እንደ አገሩ ሰዎች በጨዋ ደንብ ሊያጨበጭቡለት ዳር ዳር ሲሉ፣ ጡረተኛው ታክሲ ነጂ ጋሼ ወርቁ ጥብስ የተቆለለበት ሳህን ይዘው ከምግቡ ጠረጴዛ ተመለሱ። ሦስተኛቸው ነበር። በዚያች ቅጽበት ኒታይ፣ እንደ ልማዱ አንድ የሚያየው ሰው ሲፈልግ፣ ዓይኑ እሳቸው ላይ አረፈና ድምፁን ከፍ አደረገ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቤንጋልኛ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን አዝማሪ የሞላ ሳህን እያየ ስለ ሌላ ነገር ሊዘፍን ነው? ይህ እንኳ ለእናንተም ይጠፋችኋል?

«እሰይ! ድገመው!» አሉ አንዲት እናት።

ጋሼ ወርቁ ሳህኑን አስቀመጡ። አፋቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዜማ፦

«እኔ በበላሁት አንተ ምን ጎደለህ፣
የሳህን ዘበኛ ሁን ብሎ ማን አለህ?»

የኒታይ ጣት ክሩ ላይ ቀረ። አንዲት ቃል አልገባችውም፤ ግን በግጥም መመታቱን የማያውቅ ተፋላሚ የለም። ፊቱ ወገግ አለ። ከወንበሩ ተነስቶ በራሱ ቋንቋ መለሰ። ጋሼ ወርቁ ደገሙ። እሱም ደገመ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፣ ኬኩ ተረሳ፣ ክርስትና የተነሳውም ሕፃን ባለቤት አጥቶ ተኛ። ደስታ ነው መሰለኝ፣ እኔ ዕንባዬ መጣ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ስለ ሳህኑ ምን ብለህ ነው የጀመርከው?» አልኩት።

«የቱ ሳህን?» አለኝ። ጀልባ ቀዛፊን ወንዙን አሻግረኝ ብሎ የሚለምን የድሮ ዘፈን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዶታራው ግድግዳ አላየም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ወርቁ ወደ ሰፈራችን ይመጡና መናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ይፋጠጣሉ። ኒታይ ሳምንቱን ሙሉ ስንኝ ሲያዘጋጅ ከበሩ አልፎ ይሰማኛል። ባለፈው እሑድ ግን ጋሼ ወርቁ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ስማ እስቲ፣ ያን ቀን መጀመሪያ ምን ብሎኝ ነው? ጠይቀህ ትራንስሌት አድርግልኝ። ምንም ሳይለኝ ከሆነ እኮ በከንቱ ሰው ስሳደብ ነው የከረምኩት። ይቅርታ ጠይቄው ብተወው ይሻላል።»

ከኋላቸው ኒታይ አግዳሚው ላይ ክሩን እየቃኘ ይጠብቃል። እውነት መናገር ደግ ነው። ሁልጊዜ ግን አይቸኩሉበትም።

«ጋሼ፣ ልነግርዎት አፍሬ ነው እንጂ፣ እንዲያ ያለ ስድብ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ!» አሉ በደስታ፤ ኮታቸውን አውልቀው አሸከሙኝና ወደ አግዳሚው ገሰገሱ።