ሳህን ይቅደም ወይስ ወንበር?

(ሙምባይ ወደብ። መርከቢቱ ገና ገመዷን አልፈታችም። የመኝታ ክፍሎቹ እስከ ከሰዓት ስለማይከፈቱ የተሳፈረው ሕዝብ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ላይኛው ፎቅ ያለውን የቡፌ አዳራሽ ወርሮታል። ማንሱክ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከዚህ በፊት አንዴ በመርከብ ስለሄደ ባሕሩን ራሱ የቆፈረው ይመስለዋል። ቢፒን የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቀስ ብሎ ያስባል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ይናገራል። ሁለቱም ባዶ ትሪ ታቅፈው በሩ ላይ ይከራከራሉ።)

ማንሱክ፦ ወንበር ነው የሚቀድመው አልኩህ እኮ።

ቢፒን፦ ሳህን ሳልይዝ ወንበር ላይ ምን ልሠራ?

ማንሱክ፦ ትቀመጣለሃ።

ቢፒን፦ እሱንማ ቤቴም ተቀምጬ ነበር።

ማንሱክ፦ ሳህን ይዞ ወንበር ያጣ ሰው አይተህ አታውቅም?

ቢፒን፦ አሁን እያየሁ ነው። ያውልዎት፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው።

ማንሱክ፦ ታዲያስ?

ቢፒን፦ እየበላ ነው እኮ።

ማንሱክ፦ ቢፒን፣ ቀልዱን ተወው። እናትህን መዋኛው አጠገብ ጥላ ሥር አስቀምጬ ስመጣ ምን ብዬ ነበር?

ቢፒን፦ «በመስኮት ባሕር እያዩ ትኩስ ምሳ የሚበሉበትን ቦታ ይዤ እስክጠራዎት ከዚህ እንዳይነሱ» አሏት።

ማንሱክ፦ እሳቸውስ ምን መለሱ?

ቢፒን፦ እማዬ በዓይኗ ነው የመለሰችልዎት። ገላመጠችዎት።

ማንሱክ፦ ያ ግልምጫ ምን እንደሆነ ልንገርህ? አማቴ መርከብ ማለት የሆዳሞች መሰብሰቢያ ነው ብለው ያመኑ ሰው ናቸው። ዘንድሮ በስንት ልመና ነው ያመጣኋቸው። የዛሬው ምሳ ከተበላሸ የከርሞው ጉዟችን ተራራው ነው። ቤተሰቡ በሙሉ፣ በባዶ እግር፣ ያንን ማለቂያ የሌለው ደረጃ እየወጣን ቤተ መቅደስ ልንሳለም። በዚህ በእኔ ጉልበት።

ቢፒን፦ ተራራው ላይ ግን ነፋሱ ደስ ይላል።

ማንሱክ፦ አንተን ነፋስ ይውሰድህና፣ ስማኝ አሁን። በመስኮቱ በኩል ያለችው ጠረጴዛ እየተለቀቀች ነው። መሐረብህን አውጣ። ሮጠህ ጣል ታደርግባታለህ። አለቀ፣ የእኛ ናት።

ቢፒን፦ በምን ሕግ?

ማንሱክ፦ በባቡር ሕግ። በከተማው ባቡር መስኮት መሐረብ ወርውረህ መቀመጫ ይዘህ አታውቅም?

ቢፒን፦ ወርውሬ አውቃለሁ። ባቡሩ ይዞት ሄደ።

ማንሱክ፦ ይሄኛው ከሄደም አንተንም ይዞህ ነው የሚሄደው። ፍጠን።

(ቢፒን ይሄዳል። በሩ ላይ የቆመው የመርከብ ሠራተኛ በቢፒን እጅ ላይ የማጽጃ ፈሳሽ ይረጭበታል። ደርሶ ይመለሳል፤ ሠራተኛው እንደገና ይረጭበታል።)

ቢፒን፦ ጣልኩት።

ማንሱክ፦ ጎበዝ። ታዲያ ለምን ትተኸው መጣህ?

ቢፒን፦ መሐረቡ ይጠብቃል መስሎኝ።

ማንሱክ፦ (አንገቱን አስግጎ) የታል መሐረቡ?

ቢፒን፦ አስተናጋጁ አነሳው። የአፍ መጥረጊያ መስሎት ከቆሸሹት ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተው። በጣም ትሁት ልጅ ነው፣ አመሰገንኩት።

ማንሱክ፦ አመሰገንከው?

ቢፒን፦ ንጹሕ ተካልኝ እኮ። ይኸው፣ የመርከቢቱ ስም ተጠልፎበታል።

ማንሱክ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል) እሺ። ሌላ ዘዴ። ያ ሰፊ ቤተሰብ ይታይሃል? ሴትዮዋ ቢጫ ሳሪ የለበሰችው። አጠገባቸው ትሄድና «የመኝታ ክፍሎቹ ተከፈቱ» ትላለህ። ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ሲሮጡ አንተ ዘፍ ነው።

ቢፒን፦ ተከፈቱ እንዴ?

ማንሱክ፦ ዝም ብለህ ሂድ።

(ይሄዳል። ይረጭበታል። ይመለሳል፤ ይረጭበታል። አሁን ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጓል።)

ማንሱክ፦ ሻንጣውን ወዴት?

ቢፒን፦ ክፍሎቹ ከተከፈቱ ልብሴን ልቀይር ብዬ።

ማንሱክ፦ እኔ እኮ ነኝ የፈጠርኩት።

ቢፒን፦ እነሱም እንደዚያ አሉኝ። ሴትዮዋ ሳቀች። «የላከህ ያ በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ነው? ንገረው፣ እኛም ይህን ጠረጴዛ ያገኘነው ይህንኑ ወሬ አውርተን ነው» አለች።

ማንሱክ፦ የዛሬ ሰው ተንኮሉ። ሰው ለሰው አዘነ የሚባለው ድሮ ቀረ።

ቢፒን፦ ወንድም ጋሼ፣ ሳህን ብንይዝ ግን...

ማንሱክ፦ ሳህን አትበለኝ። ሠርግ ቤት እንደምናደርገው እናደርጋለን። ሊጨርስ የደረሰ ሰው ትመርጥና ከኋላው ትቆማለህ። አትናገረውም፣ አትነካውም። ማጅራቱ ላይ ትተነፍስበታለህ፣ አለቀ። ሲያንገሸግሸው ይነሳል።

ቢፒን፦ ሊጨርስ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ማንሱክ፦ ጣፋጭ የያዘውን ፈልግ። ሰው ጣፋጭ ላይ ከደረሰ አበቃለት። ወንበሩን አንዴ ከያዝክ ደግሞ እንዳትነሳ። ሽማግሌ ቢመጣ፣ እርጉዝ ብትመጣ፣ እናትህ እንኳ ብትመጣ።

ቢፒን፦ እማዬም ብትመጣ?

ማንሱክ፦ እማዬም ብትመጣ። እኔ ምግቡን ይዤ ሳልመጣ ማንም አይቀመጥም። ወንበር ላይ ዝምድና የለም።

ቢፒን፦ እርስዎስ ሰልፉን እንዴት ሊችሉት ነው?

ማንሱክ፦ ማን ይሰለፋል? ይሄ መንጋ ሁሉ ከሰላጣ ነው የሚጀምረው። እኔ ከጣፋጩ ጫፍ ገብቼ ወደ ላይ እወጣለሁ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል።

(ሁለቱም ሕዝቡ ውስጥ ይሰጥማሉ። ማንሱክ ብቅ ሲል በሁለት ሳህን ጉላብ ጃሙን የሚባለውን ጣፋጭ ብቻ ተሸክሟል፤ ሸሚዙ ላይ የሰው ዳል፣ የምስር ወጥ፣ ፈሶበታል። ቢፒን አንድ ደንዳና ሰውዬ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ቆሟል።)

ቢፒን፦ ሩዙስ?

ማንሱክ፦ ሩዙ ጋ ስደርስ ሰልፉ ፊት ለፊት መጣብኝ። አንዷ በትሪ ጎሸመችኝ፣ አንዱ ዳል ደፋብኝ፣ ሁሉም ተሳደበ። ስድቡ እንኳ ምንም አይደል፣ የገረመኝ የሽማግሌዎቹ ክርን ነው። ቆይ፣ አንተ እስካሁን ቆመሃል?

ቢፒን፦ እየተነፈስኩበት ነው።

ማንሱክ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ?

ቢፒን፦ ስመጣ ጣፋጭ ላይ ነበር። ከዚያ ሩዝ አስመጣ። ከሩዙ ወደ ሾርባ ሄደ። አሁን ይኸው ሰላጣ ላይ ነው።

ማንሱክ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ከመጨረሻው ነው እንዴ የሚጀምረው?

ቢፒን፦ ጠየቅኩት። «ይሄ መንጋ ሁሉ ከሰላጣ ነው የሚጀምረው» አለኝ። እርስዎ መሰሉኝ።

ማንሱክ፦ እኔን ከዚህ ሆዳም ጋር ታስተካክለኛለህ?

ቢፒን፦ ኧረ አላስተካክልም። እሱ በልቷል።

(ደንዳናው ሰውዬ ቀበቶውን አላልቶ ይነሳል። ቢፒን ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ይቀመጥበታል። ከመስኮቱ ማዶ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል።)

ማንሱክ፦ ይኸው፣ አላልኩህም? ሻንጣዎቹን በቀሩት ወንበሮች ላይ ደርድር። እኔ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች ምግብ ወደሚቀርብበት ልሂድ። እናትህ ሽንኩርትና ድንች የነካው ነገር አይቀምሱም፤ ለእሳቸው የሚሆነው እዚያ ብቻ ነው። አደራህን።

ቢፒን፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።

ማንሱክ፦ ሞኝነትህ ዛሬ ገና ሥራ አገኘ።

(ይሄዳል። ረጅም ጊዜ ያልፋል። ሲመለስ ፀጉሩ ቆሟል፣ አንድ ጫማው ተረግጦ ተከፍቷል፤ ግን ትሪው ሞልቷል። እንደ ታቦት ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ተሸክሞታል።)

ቢፒን፦ ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር...

ማንሱክ፦ ዝም በል፣ መጀመሪያ እይ። ፓኒሩን፣ የአይቡን ወጥ፣ አየኸው? ከድስቱ የመጨረሻው ጭልፋ ነው። የሮቲ ቂጣዋን ገና ከምጣዱ ስትነሳ ነው የቀለብኳት፤ ጣቴን ተቃጥያለሁ። እሷን ለመያዝ ከአንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ጋር ተጓትቻለሁ።

ቢፒን፦ እሱስ ጥሩ ነው፣ ግን...

ማንሱክ፦ ዝም በል አልኩህ። ሰው ሲሸነፍ ታወራለህ፣ ሲያሸንፍም ታወራለህ። አሁን ሄደህ እናትህን ጥራልኝ።

ቢፒን፦ እማዬ መጥታ ነበር።

ማንሱክ፦ የት?

ቢፒን፦ እዚህ። ርቧት ነው የመጣችው። ልትቀመጥ ስትል «አይቻልም» አልኳት።

ማንሱክ፦ እናትህን?

ቢፒን፦ ወንበር ላይ ዝምድና የለም ብዬ።

ማንሱክ፦ (ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል) በቃ። ተራራ ላይ ነኝ።

ቢፒን፦ ቆማ ስትንገላታ አንድ ነጭ የለበሰ የመርከቢቱ ሰው አያት። «እናቴ፣ እዚህ ለምን ይገፋሉ? ታች ምግብ ቤቱ ክፍት ነው፣ ተቀምጠው ይታዘዙ» ብሎ እጇን ይዞ ወሰዳት። እህቴንና ልጆችዎንም እሷው ጠራቻቸው።

ማንሱክ፦ የቱ ምግብ ቤት? እሱ የሚከፈተው ለእራት ነው።

ቢፒን፦ የመሳፈሪያ ቀን ለምሳም ይከፈታል አሉ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከዚህ የሚሰፋ መስኮት። ምግቡ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ድንች፣ ትኩስ ትኩሱን እየደጋገሙ ነው። ሰው የለም። ሰው ሁሉ እዚህ ነዋ። እማዬ ደውላ «ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አልተስተናገድኩም» አለችኝ።

ማንሱክ፦ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ዝም አልክ?

ቢፒን፦ ዝም በል አሉኝ እኮ።

ማንሱክ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጣል) ስለ ከርሞስ? ስለ ተራራው ያሉት ነገር አለ?

ቢፒን፦ ተራራው ቀረ። ከርሞም በመርከብ ነው አለች።

ማንሱክ፦ (ቀና ይላል፤ ፊቱ ይበራል) እውነትህን ነው?

ቢፒን፦ ለዚያውም በእርስዎ ምክንያት ነው ያለችው። ማንሱክ የሚባል ልጅ ወለድኩ እስከ ማለት ደርሳለች።

ማንሱክ፦ አየህ ቢፒን፣ ነገሩ መንገዱ አይደለም፣ መድረሱ ነው። (ሮቲውን ይቆርሳል፣ ፓኒሩን ያጠቅሳል፣ አፉን ይከፍታል)

ቢፒን፦ አይብሉት።

ማንሱክ፦ ምን ሆነ?

ቢፒን፦ እማዬ እዚህ ቆማ «አማቼ በልቷል?» ስትለኝ፣ «አልበላም» አልኳት። «ያን ሁሉ ምግብ እያየ፣ በሁለት እጁ ተሸክሞ እየዞረ፣ አንዲት ጉርሻ አፉ አላደረገም» አልኳት። ዋሸሁ?

ማንሱክ፦ አልዋሸህም።

ቢፒን፦ ታች ስትወርድ ይህንኑ ለእህቴ ነገረቻት። እህቴ ደግሞ «ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም» አለቻት።

ማንሱክ፦ ለቡፌው ሆዴን ባዶ ላድርግ ብዬ ነዋ።

ቢፒን፦ እማዬ ግን አለቀሰች። «ጾም ይዟል» አለች። «ጾሙን ደብቆ እኛን ሊያበላ ይንከራተታል። እንዲህ ያለ ሰው በሆዳሞች መሀል ከተገኘ ተራራ ምን ያደርግልኛል» ብላ ለምግብ ቤቱ ሁሉ ተናገረች። ከአሕመዳባድ የመጡ ጃይኖች ነበሩ፤ የጾመኛ በረከት ይድረሰን ብለው አብረዋት ሊያዩዎት እየመጡ ነው።

ማንሱክ፦ መቼ?

ቢፒን፦ ደረጃው ላይ ናቸው።

ማንሱክ፦ (ጉርሻውን በአየር ላይ እንደያዘ) ግድ የለም። ለዛሬ ልቻለው። ማታ እነሱ ሲተኙ...

ቢፒን፦ የሦስት ቀኑ ጾም ነው ያለችው። ከፈላ ውሃ በቀር ምንም የማይቀመስበትን። ውሃውም ፀሐይ ከጠለቀች አይጠጣም።

ማንሱክ፦ ጉዟችን እኮ ሦስት ቀን ነው።

ቢፒን፦ እሷም ቆጥራዋለች። «ከመርከብ ስንወርድ እኔው በእጄ አፈታዋለሁ» ብላለች። አጠገብዎ እየተቀመጠች ልትጸልይልዎት ነው።

ማንሱክ፦ ሂድና ንገራቸው። አልጾመም፣ ርቦት ነው በል።

ቢፒን፦ እሺ። ከዚያ ግን ከርሞ ተራራው ነው።

(ማንሱክ ፓኒሩን ያያል። ጉልበቱን ያሻል። እንደገና ፓኒሩን ያያል። ከበሩ በኩል የአማቱ ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች መንገድ ልቀቁ እየተባሉ ነው። ማንሱክ ጉርሻውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ ይመልስና ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል።)

ማንሱክ፦ ቢፒን፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አንተ የእውነትህን ነው ሞኝ የሆንከው?

ቢፒን፦ እኔ እንጃ፣ ወንድም ጋሼ። እርስዎ እንዲያ ሲሉ ነው የምሰማው።

(ቢፒን ትሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሮቲውን ያጠቀልላል፣ ፓኒሩን ያጠቅሳል፣ አጣጥሞ ይውጣል። ከዚያም እጁን አንስቶ አስተናጋጁን ይጠራል።)

ቢፒን፦ ወንድሜ፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ። ለእሳቸው።