ሒሳቡ በሠርግ ቀን ሊከፈል የተሠራው አልጋ

ለሕንጻው ነዋሪዎች በሙሉ፦ እጅግ ከባድ ነገር ደርሶብናልና ልባችሁን አጽኑ። የሁለተኛ ፎቅ መተላለፊያ በአልጋ ተዘግቷል።

ቀን፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።
ቦታ፦ እዚያው አልጋ ላይ፤ ሌላ መቀመጫ ስለሌለ።
የተገኙ፦ ሰብሳቢዋ ጡረተኛ መምህርት፣ አልጋውን የሠሩት አናጺ፣ ያሠራው ወንድሜ፣ ከላይ ፎቅ ልብስ ሰፊዋ፣ ጸሐፊ እኔ።
ባለ ከዘራው ጎረቤት አልጋውን ማለፍ ስላቃታቸው ከወዲያ ማዶ በጩኸት ተሳትፈዋል። እሳቸውም ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤ ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የአናጺው ክፍያ

አናጺው ገንዘባቸውን ጠየቁ። ወንድሜ ውሉ «ሒሳቡ በሠርጌ ቀን ይከፈላል» ስለሚል፣ ሠርግ ሳይኖር ዕዳ እንደሌለበት አስረዳ።

አናጺው «ታዲያ አግባ እንጂ ልጄ! እንጨት ያበደረኝ ሰውዬ ደጄ ላይ ቆሟል!» ማለታቸው ተመዝግቧል።

ማንን እንደሚያገባ ሲጠየቅ ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኛ ልብስ ሰፊዋን አየን። ከረጅም ውይይት በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያገባ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ልብስ ሰፊዋ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች።

አጀንዳ 2፦ አፈጻጸም

ሰብሳቢዋ፣ ወንድሜ ልብስ ሰፊዋን እስከዛሬ ለምን እንዳልጠየቃት ማብራሪያ ፈለጉ። ወንድሜም «አልጋ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? መጀመሪያ አልጋው ቤቴ ይግባ» አለ። አናጺው ሳይከፈላቸው አልጋው ደጃፉን እንደማይሻገር ገለጹ። ከወዲያ ማዶ «እንግዲህ እዚሁ አርጁ!» የሚል አስተያየት ተሰጥቷል።

አናጺው ወንድሜን ወክለው እንዲጠይቁለት ሐሳብ ቀርቦ ጸደቀ። ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንግዲህ የኔ ልጅ...» ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ አቋረጠቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ። አንተ፣ አፍ የለህም?»

ወንድሜ አፍ እንዳለው አረጋገጠ። ከዚያም ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

«በቃ እኔው ልጠይቅህ። ታገባኛለህ?»

«ዛሬውኑ ነው እንዴ የሚከፈለው?» አለ ወንድሜ። ሰብሳቢዋ ለሥርዓት ማስከበሪያ ጆሮውን ቆነጠጡት። «አዎ፣ አዎ፣ አገባሻለሁ!» አለ።

«እኔ ዕዳ ያለበት ሙሽራ አልፈልግም። አሁን ክፈላቸው።»

ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ሙሉውን አወጣ። ገንዘቡ ከመጀመሪያውም እዚያው እንደነበር ጉባኤው ተመልክቷል።

ውሳኔ፦ የወሩ መጨረሻ ቀነ ገደብ፣ የአናጺው ውክልና፣ «በሠርጌ ቀን» የሚለውም ቃል፣ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አልጋውን ለማንሳት ተበትኗል።

ከባድ ነገር ደረሰብን ብዬ ላስደነገጥኳችሁ ይቅርታ። አንድ ሰው «ታገቢኛለሽ?» ማለት ፈርቶ ነው።